እሱ ይቅደም

የፔንስያ አማካሪዋ ወደ ፋብሪካችን የመጣች ዕለት ከመልገዛዬ ላይ ጠርተው አወረዱኝ። መልገዛ የምንለው ዕቃ ማንሻውን መኪና ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ የነዳሁት እሱን ነው። ሴትዮዋ በስብሰባው ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች። ገና ሰላም ሳልላት «ማዛል ቶቭ!» አለችኝ። ልጅ የተወለደልኝ መሰለኝ። ስልሳ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ስለሆነ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቤቴ እንደምሄድ፣ ፔንስያውም በየወሩ ባንክ እንደሚገባልኝ ነገረችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «ስልሳ ሰባት ዓመት ፈጽሞ አትመስልም፤ ምንድነው የምትበላው?» አለች።

የማልመስለው ስላልሆንኩ ነው። እኔ ስልሳ ቢሆነኝ ነው። ስልሳ ሰባት የሞላት ታላቅ እህቴ ናት። በመታወቂያ ግን ስልሳ ሰባቱ የኔ፣ ስልሳው የእሷ ሆኖ ተጽፏል። አማካሪዋ እኔን እንኳን ደስ ያለህ በምትልበት ሰዓት እህቴ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ስፖንጃ እያደረገች ነበር። ወለል በውኃ ማጠብን እዚህ አገር ሁሉም ሰው ስፖንጃ ነው የሚለው። እሷን ከሥራዋ ላይ ጠርቶ እንኳን ደስ ያለሽ ያላት ሰው የለም።

ከሥራ ስወጣ ኦሺዮት ወዳለው ቤቴ አልሄድኩም፤ ክርያት ሞሼ በሚባለው ሰፈር እህቴ ዘንድ ጎራ አልኩ። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። እግሯን ትንሽ ወንበር ላይ ሰቅላ፣ ጉልበቷን በፎጣ በተጠቀለለ በረዶ ይዛ አገኘኋት። ልትነሳልኝ ስትል ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት።

«ጡረታ ልወጣ ነው» አልኳት።

«ማን ሊጦርህ?»

«ፋብሪካው ነዋ። ፔንስያ አለኝ አይደል።»

«ፋብሪካው ልጅህ ነው እንዴ?» አለችና ሳቀች። በእሷ አማርኛ ጡረታ ማለት ልጅ እናት አባቱን ሲጦር ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ማሽን ሰውን ይጦራል ሲባል የሰዉ ሁሉ አእምሮ የተነካ ይመስላታል። ሳቋን ስትጨርስ ግን ዓይኖቿን ጠረግ አድርጋ፣ «እሰይ፣ እንኳን ተቀመጥክልኝ። እኔም ደርሻለሁ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለች። የቀራት ትንሽ አልነበረም።

ዕድሜያችን እንዴት እንደተዛወረ ላውራ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ታጭቀን በመጣንበት ሳምንት በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ተደርድሮ ሰው ይመዘገብ ነበር። ተርጓሚው አንድ ብቻ ነው፤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይሮጣል። የእኛ ተራ ሲደርስ እህቴ የሁለታችንንም ዕድሜ ነገረችው። አንዳችን ሠላሳ ሦስት፣ አንዳችን ሃያ ስድስት። የማን የትኛው እንደሆነ አልተናገረችም፤ ዓይን ላለው ሰው ምኑ ይነገራል ብላ ነው። ተርጓሚው ሁለቱን ቁጥር ለመዝጋቢው ወርውሮ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። መዝጋቢው ሸበቶ ደግ ሽማግሌ ነበር። ብዕሩን ከእኔ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እኔ እያወዛወዘ ጠየቀን። ታላቁ ማነው ማለቱ ነው። እህቴ ደግሞ ማንን ላስቀድም የሚላት መሰላት። እኔ ትኩሳት ይዞኝ ቆሜ እወዛወዛለሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ምግብም ሲሆን መድኃኒትም ሲሆን አስቀድማኝ ስለኖረች ሳታስብ «እሱ ይቅደም» አለችው።

የሽማግሌው ፊት በራ። በእነሱ ቋንቋ፣ በዕብራይስጥ፣ «ቆዴም» ማለት ቀድሞ የነበረ፣ ቀዳሚ ማለት ነው። ያለ ተርጓሚ አንዲት ቃላችን ስትገባው ያን ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። «ቆዴም? ቆዴም!» እያለ በብዕሩ ወደ እኔ ጠቆመ። እህቴ በደስታ ራሷን ነቀነቀች። እሱም ጻፈ። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው ሲባል ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እኛን የጎዳን ዝምድናቸው ነው።

ያኔ ጉዳት መሆኑን ግን ማንም አላወቀም። እንዲያውም ጠቀመን። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ተብዬ ከረጅሙ የጦር አገልግሎት ተረፍኩና በዕድሜ እኩዮቼ ገና ጠመንጃ ተሸክመው ሲንከራተቱ ሥራ ያዝኩ። እህቴም ሃያ ስድስት ተብላ በመጻፏ ካብላኖቹ ወደዷት። ካብላን የሚባለው ሠራተኛ ቀጥሮ ለሌላ ሕንፃ የሚያከራይ ነው፤ ወጣት ይወዳል። ወረቀቱ ይስተካከል ብለን ያነሳነው አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷ በእጇ ገፋ አድርጋ «ተወው፣ ልጅ ብሆን ምን አለበት» አለች። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ልጅ ከተባለም እኔው ነኝ። እናታችን እኔን ወልዳ ብዙም አልቆየችም፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ሰው መቼ ሥራ ማቆም እንዳለበት በአገራችን የሚነግረው ክንዱ ነበር። ክንድ ሲከብድ ሰውዬው ማረሻውን ለልጁ ይሰጣል፣ አለቀ። ፋብሪካ ውስጥ ግን ስለ ክንድ የሚያወራ ሰው አልሰማሁም። በምሳ ሰዓት የሚወራው ስለ ፔንስያው ነው። ከሩሲያ በጉልምስናው የመጣ አንድ መካኒክ ነበረን። እጁ እየተንቀጠቀጠ ብሎን መያዝ ተስኖታል፤ ዘግይቶ ስለ ጀመረ ፔንስያው ቀጭን ነውና ከሕጉ ዕድሜ በኋላም አለቃውን እየለመነ ይቆያል። ከእሱ ጎን የሚሠራው እዚሁ የተወለደ ሰው ደግሞ በሬ የሚያህል ጤነኛ ነው፤ ድሮ የተከፈተ የጥንት ፔንስያ ስላለው ገና በስልሳ ዓመቱ ተሰናብቶን ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። የተዳከመው ቆመ፣ የበረታው ተቀመጠ። ሁለቱንም ለዓመታት ሳያቸው ምንም አልገረመኝም። በገዛ ቤቱ እስኪደርስበት ድረስ ሰው እንዲህ ነው።

የእኔ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ስለ ነበረው ከመጀመሪያው ወር አንስቶ ለፔንስያ ይቆረጥልኝ ነበር። የእህቴ ግን ሌላ ነው። ሕንፃው ያው ሕንፃ፣ ወለሉ ያው ወለል ሆኖ ካብላኑ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል። ድሮ ሕግ ስላልነበረ የሚያስቀምጥላት አልነበረም። ሕጉ ከወጣ በኋላ አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ቁራጭ ቁራጭ አስቀመጡላት። ያም ቢሆን የወረቀት ዕድሜዋ ሳይሞላ ከወጣች ይቀነሳል፤ የመንግሥቱ የእርጅና አበልም ቀኑ ሳይደርስ አይሰጣትም። በዚህ ላይ የሴቶችን የጡረታ ዕድሜ ከፍ አደረጉት። የስልሳ ሁለቱ ነገር ወደ ስልሳ አራትና አምስት መሄዱን ልጄ ስታስረዳት፣ «እኔ ስጠጋው እሱ ይሸሻል፤ ምን አድርጌው ነው?» አለች።

ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ወጣቱ ሐኪም ራጁን በብርሃን ላይ ሰቅሎ ጥቂት አየና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ፤ መልሶ ራጁን አየ። ከዚያ ነርሷን ጠርቶ የሌላ ሰው ራጅ አምጥታ እንደሆነ ጠየቃት። የእሷው መሆኑን ሲያረጋግጥ «ወይዘሮ፣ ጉልበትሽ ካንቺ ይበልጣል» አላት። እኔ ተረጎምኩላት። «እውነቱን ነው» አለች፣ «ጉልበቴ አልተመዘገበም።» ሐኪሙ ለምን እንደሳቅን አልገባውም። ደረጃ መውጣትና ቆሞ መሥራት ብታቆም ይሻላል፣ ካልሆነ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ጨርሶ መራመድ ያቅታታል አለ። በአውቶቡስ ስንመለስ ግን ሳቁ ለቀቀኝ።

ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት የወሰደችው ልጄ ናት። መውሰድ እንኳ ሳይሆን ልትወስደው ተነሳች። አንድ ሰንበት ሁላችንም እኔ ቤት ምሳ በልተን ስንጨርስ ሰሃኑን ገፋ አድርጋ ጀመረች።

«አባ፣ ዜ ሎ ፌር! ፍትሕ አይደለም ይሄ። ዕድሜ በዳኛ ይስተካከላል፣ ብዙ ሰው አስተካክሏል። የሚመሰክር ሽማግሌ ብቻ ነው የሚፈልጉት።»

«ቄሳችን አሉ» አልኩ። ጡረታ ወጥተው ከጸሎት ቤቱ ፊት ያለችው አግዳሚ ላይ የሚውሉ አባት ናቸው፤ እኛ በተወለድንበት መንደር እሳቸው ጎረምሳ ነበሩ። በማግስቱ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ራሱ አስቆጣቸው።

«ምን ይመሰከራል ይሄ?» አሉኝ። «አንተን አዝላ ለበዓል ተራራ ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ትንሽ ልጅ ናት፣ እግርህ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። የታዘለ ካዘለው ይበልጣል የሚል አገር ነው እንዴ ያለነው?» ዳኛ ፊት ይቆሙልን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ምርኩዛቸውን አንስተው አሁኑኑ ለመሄድ ተነሱ። በግድ አስቀመጥኳቸው።

ልጄ ያማከረችው ጠበቃ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ዳኛው ቄሱን ካመነ ሁሉንም ያምናል። ዕድሜው የተለዋወጠ ስለሆነ የእሷ ወደ ላይ ሲወጣ የኔ ወደ ታች ይወርዳል። እሷ በዚያው ሳምንት ጡረታ ትወጣለች፤ እኔ ደግሞ ስልሳ ዓመቴ ነውና ሰባት ዓመት ወደ መልገዛው እመለሳለሁ። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗን ከፊቴ አሸሸች።

አልዋሽም፣ ከፋኝ። ወንበሩን አይቼዋለሁ እኮ። ጠዋት ሰዓት ሳይጮህብኝ ነቅቼ በረንዳ ላይ ስቀመጥ፣ ሚስቴን ይዤ ሳምንቱን ሙሉ የትም ስሄድ፣ ለወራት በሐሳቤ ስመላለስበት ኖሬያለሁ። ጀርባዬም ቢሆን የብረት አይደለም። ያም ሆኖ «ቤሰደር፣ ይሁን፣ ቀጠሮ ይያዝ» አልኳት። ካልኩ በኋላ ቀለለኝ፤ መከፋቴም ሳይቆይ ለቀቀኝ። ቀላል ያልሆነው እህቴን ማሳመን ነበር።

«ማን ጠየቃችሁ?» አለች፣ ነገሩን ስንነግራት። እንዲህ ፊቷ ሲጠቁር ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። አንተን ከተቀመጥክበት አስነስቼ እኔ ልቀመጥ? ዳኛው ቢጠይቀኝ አፌን አልከፍትም። ቄሱም ይምጡ፣ እሳቸውንም ዝም ብዬ አያቸዋለሁ።»

«ዶዳ» አለቻት ልጄ፤ አክስት ማለት ነው። «አንቺ ታላቅ ነሽ፤ መብትሽ ነው።»

«ታላቅ ስለሆንኩ ነዋ» አለች እህቴ። ከዚያ በኋላ ስለ ዳኛ የሚያነሳ ጠፋ። በገንዘብም ሞከርኳት፤ ሥራውን ትተሽ ከኔ ፔንስያ እንካፈል አልኳት። የሰጠችኝ መልስ ጠቅልላ በእጄ ያስያዘችኝ ዳቦ ነው፤ ለሚስትህ አድርስ አለችኝ።

ቀኑ ደረሰና ፋብሪካው ሸኘኝ። በመመገቢያው አዳራሽ ኬክ ተቆረጠ፣ የእጅ ሰዓት ተሰጠኝ። ሥራ ላቆመ ሰው ሰዓት ለምን እንደሚሰጥ እስካሁን አልገባኝም። ከፊት ለፊት ብቻዬን ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። እህቴ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ከሚስቴና ከልጄ ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። ሥራ አስኪያጁ ጥሩ ሰው ነው፤ ንግግሩን ሲጨርስ ወደ እሷ እያመለከተ «ታናሽ እህቱም መጥታልናለች። አይዞሽ፣ ያንቺም ተራ ይደርሳል፣ ገና ወጣት ነሽ!» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እሷም «ቶዳ፣ ቶዳ» እያለች አመሰገነችና በትሕትና አንገቷን ዝቅ አደረገች። ወዲያው ሰዉ ሊበተን ሲል አሻግሬ ሳያት ተነስታ የወረቀት ሰሃኖቹን ከጠረጴዛው ላይ ትሰበስባለች። የፋብሪካው የጽዳት ሠራተኛ ብቻዋን ስትደክም አይታ ነው። በአንድ እጇ ጠረጴዛውን ትደገፋለች፣ በአንድ እጇ ትሰበስባለች። ተነስቼ ልቀበላት ስል የሚጨብጠኝ ሰው ከበበኝ።

በመጀመሪያው የጡረታ ጠዋቴ እንደ ወትሮዬ ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ምንም አልጎደለውም። ከታች ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል። ጥቂት ቆየሁና ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ፤ እግሬ ወዴት እንደሚወስደኝ ሚስቴ አልጠየቀችኝም። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ሕንፃ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ተከትዬ ስገባ እህቴ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ደረጃው ላይ፣ ባልዲውን አጠገቧ አስቀምጣ የደረጃውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። አሳንሰር አለ፤ ባልዲ ግን አይገባበትም ተብላለች።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ። የሆነ ሰው የሞተ መስሏት ደነገጠች።

«ሥራ ፈትቼ።»

ባልዲውን አነሳሁት። ማጋቩን፣ ያንን ረጅም የውኃ መጥረጊያ፣ ከእጇ ስወስድ ታገለችኝ። «ነውር ነው፣ ወንድ ነህ፣ ጡረተኛ ነህ፣ ሰው ያያል» አለች። የትኛው ነው ነውሩ ብዬ ማጋቩን ወሰድኩባት። የቡና ማፍያው ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር አለ፤ እዚያ አስቀመጥኳት። ሦስተኛውን ፎቅ አጠብኩ። መጥታ አየችና በየጥጉ ያስቀረሁትን ውኃ በጣቷ አሳየችኝ። ደግሜ አጠብኩት።

እውነተኛ ቅጥር ላድርገው ብዬ ካብላኑን ጠይቄው ነበር። መታወቂያዬን አይቶ «በዚህ ዕድሜ? ሂድ እረፍ» አለኝ። እህቴን ግን ወጣት ስለሆነች ሊለቃት አይፈልግም። እንዲህ ሆነና በእሷ ስም ገብቶ በእሷ ስም የሚወጣው ሥራ እኔ እጅ ላይ ወደቀ፤ ፔንስያዋም በእሷ ስም እየተቆረጠ መጠራቀሙን ቀጠለ። ተቆጣጣሪዋ አንድ ቀን ድንገት መጥታ ማጋቭ ይዤ አገኘችኝ። ይሄ ማነው ብላ እህቴን ጠየቀቻት። እህቴ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ በእሷው ዕብራይስጥ፣ «ታላቅ ወንድሜ ነው። ፔንስያ ወጥቶ ቤት መቀመጥ አቃተው» አለቻት። ተቆጣጣሪዋ ወለሉን አየች፣ እኔን አየች። «ያላ፣ በሉ፣ ወለሉ ይብራ እንጂ» ብላ ሄደች።

አሁን በየጠዋቱ እንዲህ ነው። በሩ የሚከፈተው ካርድ ሲያስነኩት ነው፤ ካርዱ የእሷ ነው። ከጣቢያው የሚወጣው ሰው በአጠገባችን እየሮጠ ያልፋል። ካርዱን ታስነካውና በሩ ሲከፈት በልማዷ ወደ ጎን ትላለች፣ እጇን ዘርግታ እንድገባ ትጠብቃለች። ዕድሜ ልኳን እንደዚያው ናት። አብረን የመጣን የመጀመሪያው ቀን ልገባ አንድ እግሬን ካነሳሁ በኋላ ነው እያስቀደመችኝ መሆኑ የገባኝ። እግሬን መለስኩ።

«ቅደሚ፣ እትዬ» አልኳት።

«አንተ ግባ።»

«በሩ ይዘጋል። ቅደሚ።»

አየችኝ። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ ቀድማኝ ገባች። ወደ ወንበሯ ሄዳ ተቀመጠች፤ እኔም ባልዲውን ውኃ ሞላሁ።